ሽሮ በጠርሙስ፣ በረኪና በራሱ ዕቃ

የወጥ ቤት መደርደሪያ ዓይን የሚያደክመው ዕቃ ስለ በዛበት ብቻ አይደለም። ግማሹ ተቋጥሮ የተቀመጠ ፌስታል፣ ሌላው አፉ የተቀደደ ፓኬት፣ የቀረው በቀይና በቢጫ የሚጮህ የፋብሪካ ማሸጊያ ሲሆን፣ የትኛው ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ ቋጠሮ መፍታት ግድ ይሆናል። ተልባ ፈልጎ ኑግ መፍታት፣ በሶ ነው ብሎ ሽሮ ማውጣት፣ ቤት ውስጥ ምስር እያለ ሌላ ኪሎ ምስር ገዝቶ መግባት፤ የማታው ራት ገና ሳይጀመር ሰው የሚሰለቸው በዚህ ነው።

እኔ ለረጅም ዓመታት መድኃኒት ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። አሁን የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን መቆም በማይችልበት የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት ነው። ከመድኃኒት መደርደሪያ ይዤ የመጣሁት ልማድ ቀላል ነው፤ ሁሉም ነገር በሚስማማው ዕቃ ይቀመጣል፣ ስሙ ወደ ውጭ ይዞራል፣ ቀን ይጻፍበታል፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። ይህ ከተሟላ ውበቱ አብሮ ይመጣል። በስልክ የምናያቸው የውጭ አገር ወጥ ቤቶች ሁሉንም ነገር በብርሃን ፊት በመስታወት ደርድረው ያሳያሉ። ፓስታ ለሚበላ ቤት ይሁንለት፤ በርበሬ ያለበት ቤት ግን የራሱ ሕግ አለው።

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት

ባዶ ዕቃ ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ አውርዳችሁ መሬት ላይ በተነጠፈ ጨርቅ ላይ ደርድሩት። በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ የምትከፍቱትን ወደ አንድ ወገን፣ ለበዓል ብቻ የሚወጣውን ወደ ሌላ ወገን ለዩ። ወደ ጠርሙስ መገልበጥ ያለበት የመጀመሪያው ወገን ብቻ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚነካ ነገር የሚያምር ጠርሙስ ይዞ ፊት ለፊት መቀመጡ ቦታ ማባከን ነው።

አፈ ሰፊ ጠርሙስ ለማግኘት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የማር፣ የማርማላታ፣ የማዮኔዝ፣ የተፈጨ ቡና ጠርሙስ ሳይጣል ቢሰበሰብ በጥቂት ወር ውስጥ አንድ መደርደሪያ ይሞላል። እህትና ጎረቤት ከተነገራቸው ደግሞ ቶሎ ይሞላል። ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው ባዶ ጠርሙስና ቆርቆሮ በየዓይነቱ ያገኛል። ያረጀ ልብስ ካላችሁም «ልዋጭ!» እያሉ በር ላይ ከሚያልፉት ጋር በዕቃ መለወጥ ይቻላል። ያገለገለ ነገር ስትገዙ የመስታወት ብቻ ግዙ። መስታወት የቀድሞውን ነገር ሽታ አይዝም፤ ፕላስቲክ ግን ይይዛል፣ ቀድሞ ምን እንደ ነበረበትም አይታወቅም። የቀለም ባልዲ የቱንም ያህል ጠንካራ ክዳን ቢኖረው ለእህልና ለዱቄት አይሆንም። ይህን የምጽፈው በየቤቱ ጤፍ ዱቄት ሞልቶበት ስለማየው ነው።

ስለ መጠን ጥቂት ልበል፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ኪሎ ስኳር 1.2 ሊትር ገደማ ቦታ ይፈልጋል፤ ሩዝና ምስርም ከዚያ ብዙ አይርቁም። አንድ ኪሎ ደቃቅ ጨው ከአንድ ሊትር ባነሰ ዕቃ ይገባል። የሚያታልለው ዱቄት ነው። አንድ ኪሎ ሽሮ ወይም የስንዴ ዱቄት ሳይታመቅ ወደ ሁለት ሊትር ሊጠጋ ይችላል። ጠርሙሱ ስንት እንደሚይዝ ካላወቃችሁ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ እየለካችሁ ሙሉትና ቁጠሩ። የገዛችሁት ኪሎ ሙሉ በሙሉ የማይገባበት ጠርሙስ ከተመረጠ ትርፉ ተመልሶ በፌስታል ይቋጠራል፤ ድካሙም ከንቱ ይሆናል።

ቅርጹን በተመለከተ አራት ማዕዘን የሆነው ከክቡ ይልቅ ጠባብ መደርደሪያ ላይ ቦታ ይቆጥባል። የተለያየ ቅርጽ ያለው የተሰበሰበ ጠርሙስ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ክዳኖቹን አንድ ዓይነት አድርጉ። እኔ በአሮጌ ነጠላ ጥለት ሸፍኜ በላስቲክ አስሬያቸዋለሁ፤ ሲቆሽሽ ተፈትቶ ይታጠባል። ክዳን መቀባት የሚፈልግ ካለ በውጭ በኩል ብቻ ይቀባ።

ማጠብና ማድረቅ

የፋብሪካውን ወረቀት ለማንሳት ጠርሙሱን ሞቅ ባለ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፋችሁ እደሩ። ሙጫው ከቀረ የምግብ ዘይት ቀቡት፣ ሩብ ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሳችሁ በጨርቅ እሹት። በቢላ መፋቅ መስታወቱን ይጭራል፤ የተጫረ መስታወት ደግሞ ንጹሕ ሆኖም ቆሻሻ ይመስላል። ሽታው የሚቀረው ክዳኑ ላይ ነው፤ በተለይ ውስጡ ጎማ ካለው። የነጭ ሽንኩርት ወይም የቃሪያ ሽታ የያዘን ክዳን ፀሐይ ላይ ማዋል ይረዳል። አልለቅ ካለ ግን ለሚጥሚጣው ስጡት፤ እሱ አይቀየምም። ውስጡ የዛገ ክዳን ይጣል።

ቅቤና ማር የሚገባበት ጠርሙስ መቀቀል አለበት። ድስቱ ሥር ጨርቅ አንጥፋችሁ ጠርሙሱን በቀዝቃዛ ውሃ አስገቡና አብሮ ይፍላ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ዝቅ ያለ አገር ላይ አሥር ደቂቃ የሚባለውን እኛ ሃያ እናድርገው።

ከሁሉ የሚበልጠው ማድረቁ ነው። ጠርሙስ በጨርቅ ተወልውሎ ደረቀ አይባልም። መጀመሪያ ተደፍቶ ውሃው ይንጠፍ፣ ከዚያ ተቃንቶ ፀሐይ ላይ ይዋል። ደርቆ እንደ ሆነ ለማወቅ ክዳኑን ግጠሙና ለጥቂት ጊዜ ፀሐይ ላይ ተዉት። ውስጡ ጭጋግ ካሳየ እርጥበት አለ፤ ከፍታችሁ እንደገና አድርቁት። በዚህም ምክንያት ይህን ሁሉ ሥራ በክረምት አትጀምሩት። ከጥቅምት በኋላ ያለው ደረቅ ወቅት ለበርበሬም ለጠርሙስም ይመቻል።

ሽሮ፣ በርበሬና ሌላው

እናቴ ከደብረ ብርሃን ምጥን ሽሮ በላከችልኝ ቁጥር በስልክ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቀዝቅዟል ወይ?» ትላለች። ከወፍጮ ቤት የወጣ ሽሮ ትኩስ ነው። ላዩ የቀዘቀዘ ቢመስልም እጅ ሲገባበት መካከሉ ይሞቃል። በዚህ ሙቀቱ ጠርሙስ ውስጥ ተጠቅጥቆ ክዳን ከጠበቀበት በማግስቱ የክዳኑ ውስጠኛ ፊት ያልበዋል። ላቡ ተመልሶ ይንጠባጠብና ከላይ ያለው ሽሮ ይጓጉላል፤ ውሎ አድሮም ይሻግታል። መፍትሔው ንጹሕ አንሶላ ላይ ስስ አድርጎ መዘርጋት ነው። በየጊዜው በእጅ እያገላበጣችሁ፣ ጣታችሁን እስከ ታች ስታስገቡ ቅዝቃዜ እስኪሰማችሁ ጠብቁ።

ከዚያ ነው መገልበጥ። የሁለት ሊትር ሃይላንድ አንገቱን ከትከሻው በታች ቆርጣችሁ ብትደፉት ለዱቄትም ለጥራጥሬም ጥሩ ማፍሰሻ ይወጣዋል። ጥቂት ጥቂት ጨምሩ፤ በየመሐሉ ጠርሙሱን በታጠፈ ጨርቅ ላይ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት፤ ዱቄቱ ይወርዳል። እስከ አፉ አትሙሉት፤ ማንኪያ የሚገባበት ሁለት ጣት ቦታ ይቅር።

ነቀዝ የሚፈራ ሰው፣ መፍራትም ተገቢ ነው፣ ፍሪዘር ካለው ዱቄቱን በደንብ አሽጎ ለአራት ቀን ያህል ያስቀምጠው። የነቀዙ እንቁላል በዚህ ይሞታል። ከፍሪዘር ሲወጣ ግን እሽጉ ወዲያው አይከፈት። የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ይቆይ፤ አለበለዚያ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ቀዝቃዛው ዱቄት ላይ ይሰፍራል። ፍሪዘር የሌለው ጥራጥሬውን ፀሐይ አስመትቶና ነፍቶ ይጨምር። መስታወት ለዚህ ደግ ነው፤ አንድ ነቀዝ ብቅ ሲል ከውጭ ይታያል።

በርበሬ ሌላ ነው። የበርበሬን ቀለም ብርሃንና አየር ያደበዝዙታል። መስኮት አጠገብ በሚያብረቀርቅ መስታወት የተቀመጠ በርበሬ ጥቂት ሳምንት ያምራል፤ ከዚያ ጡብ መምሰል ይጀምራል፣ ሽታውም ይደክማል። ስለዚህ የዓመቱን በርበሬ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ፤ ወደ ምድጃው የሚመጣው የሳምንት ወይም የሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ይሁን። እሱም በር ባለው ካቢኔት ውስጥ ወይም ብርሃን በማያሳልፍ ባለ ክዳን ሸክላ ይቀመጥ። ፕላስቲክ ዕቃ በርበሬ አንድ ጊዜ ከገባበት ሽታውም ቅላቱም አይለቀውምና ለሌላ ነገር አታስቡት። ነካ አድርጋችሁ ረጠብ ያለ የሚመስል በርበሬ ደግሞ ሳይደርቅ አይታሸግ። እርጥበት ያለበት በርበሬ የሚያበቅለው ሻጋታ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ ያንን መርዝ ደግሞ ቁሌት አያጠፋውም።

ሚጥሚጣ ከሁሉ በኋላ ይገልበጥ። መስኮት ከፍታችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን በነጠላ ሸፍናችሁ፣ ከፍ አድርጋችሁ ሳታፈሱ ማንኪያውን ጠርሙሱ አፍ ውስጥ አስገብታችሁ ጨምሩ። ሕፃን ከክፍሉ ይውጣ። አስነጥሶት የማያውቅ ሰው ይህን ምክር ሊንቅ ይችላል።

ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ሳይፈጩ ቢቀመጡ ሽታቸውን ይጠብቃሉ፤ ትንሽ ጠርሙስ ይበቃቸዋል። ለጥሬ ቡና ሙዳይ አምራለች፣ በክረምት ግን ወደ ጠርሙስ ይግባ። ጨው ሁልጊዜ ይከደን፤ የተጨመረበት አዮዲን በእርጥበት፣ በብርሃንና በሙቀት ይቀንሳል። ጥቂት ፍሬ ደረቅ ሩዝ ጣል ቢደረግበት አይጓጉልም።

ዘይት ከጀሪካን ወደ ጠርሙስ ሲገለበጥ ጠቆር ያለ ጠርሙስ ምረጡ። ባለቀ ቁጥር በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ካልደረቀ፣ ታች የቀረው የከረፋ ጠብታ አዲሱን ያበላሸዋል። ትኩስ ንጥር ቅቤ በቀዝቃዛ ጠርሙስ ላይ አይፈስስም፤ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ቅቤው ለብ ይበል፣ ጠርሙሱም ሞቅ ይበል። ማር ከረጋ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁማችሁ አላሉት እንጂ እሳት ላይ አትጣዱት። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንች ጠርሙስ ቤታቸው አይደለም፤ አየር በሚያገባ ቅርጫት ይቀመጡ።

ስምና ቀን

ጽሑፍ ክዳን ላይ አይለጠፍ። ክዳን ከጠርሙስ ጠርሙስ ይዋወሳል፤ የስኳር ክዳን ጨው ላይ ገብቶ ቤታችን አንድ ጊዜ እንግዳ ቡናውን በጨው ጠጥቷል። ደግነቱ ሰውዬው ቡና በጨው በሚጠጣበት አገር ያደጉ ነበሩና «እዚህ ቤት ቡና ያውቃሉ» ብለው ሁለተኛውን ጠየቁ። ሁሉም እንግዳ እንዲህ አይደለም። የወረቀት ፕላስተር ጠርሙሱ ሆድ ላይ ለጥፋችሁ በማርከር ጻፉ፤ ሲቀየር ይላጣል። የሚያምር የእጅ ጽሑፍ ያለው ልጅ ካለ እሱ ይጻፍ፤ ሥራውን የኔ ብሎ ይጠብቀዋል።

ቀኑን ግን እናንተ ጻፉ። የፋብሪካ ምርት ላይ ያለው ቀን ብዙ ጊዜ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ እኛ ደግሞ ስንጽፍ በራሳችን እንጽፋለን። ዓ.ም ወይም እ.ኤ.አ. ሳይባል ቁጥር ብቻ ከተጻፈ ሰባት ስምንት ዓመት የሚያህል ክፍተት ይፈጠራል፤ ደህናው እንደ ተበላሸ ተቆጥሮ ይጣላል፣ የተበላሸውም እንደ ደህና ይበላል። አንዱን አቆጣጠር ምረጡና በእሱ ጽኑ። ከፓኬቱ ላይ የማብቂያ ቀኑ ያለበትን ቁራጭ ቆርጣችሁ የጠርሙሱ ቂጥ ላይ መለጠፍም ይቻላል። የለውዝ፣ የወተት ወይም የሰሊጥ አለርጂ ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ የይዘቱ ዝርዝር ያለበት ወረቀት አብሮ ይለጠፍ።

የማይገለበጠው

እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። በረኪና፣ ነጭ ጋዝ፣ የሽንት ቤት ማጽጃ፣ የተባይ መድኃኒት ወደ ሌላ ዕቃ አይገለበጡም፤ በተለይ ወደ ለስላሳ ጠርሙስና ወደ ሃይላንድ። መድኃኒት ቤት ስሠራ ልጅ ታቅፈው እየሮጡ የመጡ እናቶችን አይቻለሁ። ጠርሙሱ የለስላሳ ነው፣ ውስጡ ያለው ውሃ ይመስላል፣ ልጁ ጠምቶታል። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ልጁን እንዲያስመልስ አታስገድዱት፤ ሲወጣም ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥለዋል፣ ነጭ ጋዝ ከሆነ ደግሞ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። አፉን በውሃ አጥቡለትና ዕቃውን ራሱን ይዛችሁ በቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ሩጡ። ሐኪሙ ምን እንደ ጠጣ የሚያውቀው ዕቃው ላይ ካለው ጽሑፍ ነው።

በረኪና ደግሞ ብርሃንና ሙቀት ኃይሉን ይቀንሱበታል፤ መልከ መልካም ወደ ሆነ ግልጽ ጠርሙስ መግባቱ ለልብሱም አይጠቅም። ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም አሲድ ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር በተገናኘ ጊዜ የሚያንቅ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ስሙ ያልተጻፈበት ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይህንን መጋበዝ ነው። መልካቸው የሚያስጠላችሁ ከሆነ ሁሉንም በነበሩበት ዕቃ አንድ ባለ ክዳን ሳጥን ውስጥ ከትታችሁ ልጅ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ አስቀምጡ። ዓይናችሁ የሚያየው ሳጥኑን ነው፤ ውስጡ ቢጮህ ማን ሰማው?

የሚዋጥ መድኃኒትም በሚያምር ብልቃጥ አይጠራቀም። ማሸጊያው ከእርጥበት ይጠብቀዋል፤ የማብቂያ ቀኑና የምርት ቁጥሩም ያለው እሱ ላይ ነው። ሥርዓት የምትወዱ ከሆነ ማሸጊያዎቹን እንዳሉ በአንድ ሳጥን አቁሙ።

ከጽዳት ዕቃ ለመገልበጥ የሚመቹት ሁለት ናቸው። የዱቄት ሳሙና ክዳን ባለው ባልዲ ከማንኪያው ጋር ልብስ በሚታጠብበት ቦታ ይቀመጥ፤ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ግን ፈጽሞ አይውጣ፣ ከሩቅ ጨው ይመስላል። ባለ አምስት ሊትሩ ፈሳሽ ሳሙና ደግሞ ተጭኖ ወደሚቀዳበት ጠርሙስ ሊገባ ይችላል። በውሃ የምታቀጥኑት ከሆነ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ በአንድ ሳምንት የሚያልቀውን ያህል ብቻ አድርጉ። የቀጠነ ሳሙና ራሱ ጀርም ሊያበቅል ይችላል፤ ስለዚህም ሳያልቅ በላዩ አይጨመርበትም። ይለቅ፣ ጠርሙሱም መጭመቂያውም ይታጠቡ፣ ይድረቁ፣ ከዚያ ይሞላ።

ለምግቡም ደንቡ ያው ነው። በአሮጌ ሽሮ ላይ አዲስ ሽሮ አይደፋም፤ ታች ያለው ዓመት ሙሉ ሳይነካ ይኖራል። የቀረውን ወደ ጎድጓዳ ሳህን አውጡ፣ ጠርሙሱን አጽዱ፣ አዲሱን ከታች አሮጌውን ከላይ አድርጉ። እኔ ይህንን የምሠራው ቅዳሜ ጠዋት ቡና እስኪፈላ ነው። ከአራት ጣት በታች የወረደው ስሙ ግድግዳው ላይ ባለው ወረቀት ይጻፋል፤ ገበያ የሚወጣው ሰው ወረቀቱን በስልኩ አንስቶ ይሄዳል። በ2017 ዓ.ም የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ፌስታልን ስለ ከለከለ የጨርቅ ከረጢት ሰፍቼ አዘጋጅቻለሁ፤ ለምስር አንድ፣ ለክክ አንድ። ባለ ሱቁ በመጀመሪያ ሳቀ፤ አሁን ከረጢቱን አይቶ ምን እንደምገዛ ያውቃል።

ተርፎ የሚጠራቀመውን ባዶ ጠርሙስ ለቆራሌው መስጠት ይቻላል። የኔን ከታች ፎቅ ያለችው ማር ሻጭ ትወስደዋለች፤ ክዳን የሌለውን ግን አትቀበለኝም።